ፍሬ አትዘፍንም

ቦንጋ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እዚህ መስከረም ጠባ ይባላል እንጂ ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከደጄ አይነሳም። ጉልበቴ ደህና ነው። ከጉልበቴ የጀመርኩት አንቺም ከእሱ ስለጀመርሽ ነው፤ የጠየቅሽኝን አንድም ሳላስቀር ልመልስ።

የባለቤቴ የጋሽ ሀብተሥላሴ ሙት ዓመት በደህና አለፈ። ባለመምጣትሽ የተቀየመሽ የለም። የተቀየመ ቢኖርም ምሳውን በልቶ ነው የሄደው። የካሴት ሱቁን ሞባይል ለሚጠግን ሰው አከራየሁት። ካሴቶቹን ግን አልጣልኩም። ባለቤቴ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጬ ፊደል የለየሁት በሽፋኖቻቸው ላይ ነው፤ መጀመሪያ አጥርቼ ያነበብኩትም ቃል ያንቺ ስም ነበር።

ስላልደወልኩ አትዘኚ። ድምፅሽ በስልክ ሲመጣ እየተቆራረጠ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያልኩ አስጨንቅሻለሁ። አንቺ እንዳይብስብሽ እኔም እንዳላፍር፣ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ መላክ ተምሬያለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። በወረቀት ላይ ማንም ሰው ድምፁ አይሻክርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘርትሁን መጥቶ ነበር። ከኋላሽ ከበሮ ይመታ የነበረውን ዘርትሁንን ማለቴ ነው፤ ዛሬ ኮት ለብሶ በጥር የሚከበረው የከተማው በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል።

«እትዬ ትርንጎ፣ ፍሬን ያምጡልን» አለኝ።

«ፍሬ ሥራ ላይ ናት።»

«አንድ ዘፈን ብቻ። ‹ጎጀብ ሞላ›ን። ያን ዘፈን ስትዘፍን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በቃሉ ይዞታል። ስፖንሰሮቹም እሷን ነው የሚጠይቁን።»

«አሁን እኮ ዶክተር ናት። የምታጠናው የእንሰት በሽታ ነው። ስለሱ ብትናገር አይሻልም?»

ሳቀ። ክፋት የለውም ሳቁ፤ ታውቂዋለሽ። «እትዬ፣ ዶክተር እንኳን ሞልቶናል። ‹ጎጀብ ሞላ›ን የዘፈነችው ግን አንድ ናት» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮ ሄደ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ከቢታ ገነት አምጥታ «አስተምሩልኝ» ብላ እጃችን ላይ ስታስቀምጥሽ እኛ መድረክ ላይ አወጣንሽ፤ ያኔም እኔ ዝም ነበር ያልኩት። የደካው ቀን ደግሞ ዝም እንኳ አላልኩም። ይቅር በይኝ።

ስለ እንሰቱ የጠየቅሽው እውነት ነው። ከአጥሬ ማዶ ሠናይት ጓሮ ውስጥ የመሐል ቅጠላቸው የጠወለገ ተክሎች አይቻለሁ። የእኔም አንዱ ጎንበስ ብሏል። ድርቅ እንዳይባል ዝናቡ አላቋረጠም። ይህ ያ ያልሽው ነው?

ትርንጎ


ካምፓላ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ትርንጎ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ አውራ ጣትዎ ግን ጥግ ላይ አብሮ ተነስቷል። ወድጄዋለሁ።

በመጀመሪያ ይቅርታውን ይተዉልኝ። ሳልጠይቅዎት በየደብዳቤው ይልኩልኛል፣ እኔም የማስቀምጥበት አጣሁ። ደካ ከተማ ልንዘፍን በሄድን ቀን ትኩሳት ይዞኝ ጉሮሮዬ አብጦ ነበር፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው አሉ፣ እርስዎ ቀሚሴን አለበሱኝ፣ እኔ ዘፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ድምፄ አልተመለሰም፤ በዚያው ሰሞን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ስለላካችሁኝ ቦንጋ አልሰማውም። የሆነው ይኸው ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየጊዜው መናገሩ አይጨምርበትም።

ለዘርትሁን መልሱ አይሆንም ነው። አልዘፍንም። ለምን እንደማልዘፍንም አይንገሩት፤ ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። እስከ ዛሬ ከተማው የሚያውቀው ጋሽ ሀብተሥላሴ ያስወሩትን ነው፦ ፍሬ ለትምህርቷ ስትል ዘፈን ተወች። እውነቱ ቢወጣ በማግስቱ ሌላ ታሪክ ይሠሩልኛል፦ ምስኪን ልጅ፣ ድምፅዋን ብታጣ በትምህርት ተጽናናች። እኔ በሳይንስ አልተጽናናሁም። ከመድረክ ጀርባ ተራዬን ስጠብቅ ቅጠል እየሰነጠቅሁ ውስጡን አይ እንደነበር እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ፤ ቀሚሴን በቅጠል ጭማቂ አበላሸሽ ብለው ተቆጥተውኛል። ድምፄ እያለ ነበር ያ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። «ፍሬ፣ መልሱን ተይውና አንድ ዝፈኝልን» አሉኝ። ክፍሉ አጨበጨበ፣ ዘፈንኩ፣ ደወል ተደወለ። መልሱን አውቀው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «ዘፋኟ መጣች» አሉኝ፤ ጅማ ባቀረብኩት ጥናት ላይ ሳይቀር አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው ጥያቄያቸው ስለ ዘፈኑ ሆነ። አሁን ዘርትሁን ያንኑ ይለኛል። ይህ ነገር እሱ ላይ ያበቃል።

እንሰቱን በተመለከተ፣ አዎ፣ አጠውልግ የሚባለው ነው። እዚህ ሙዝ የሚጨርሰው በሽታም እሱው ነው። ግንዱን ሲቆርጡት ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ አይጠራጠሩ። መድኃኒት የለውም። ከጓሮ ጓሮ የሚያሻግረው ግን በአብዛኛው ነፋስ አይደለም፣ ቢላ ነው። የታመመ ተክል የነካ ቢላ ጤነኛውን ይበክላል። የታመመውን ነቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመስጠት፣ ቢላና መፋቂያውን ደግሞ ወደ ሌላ ጓሮ ከመግባቱ በፊት በእሳት ማሳለፍ። ሌላ የለም። ካልተደረገ አካባቢው በጥቂት ዓመት ውስጥ ባዶ ጓሮ ይዞ ይቀራል፤ ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም፣ እዚህ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ለሴቶቹ እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎን ይሰማሉ።

ፍሬ


ቦንጋ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አልሰሙኝም። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ስለቸገረኝ ነው።

ዳዶው የእኔ ተራ ነበር። ዳዶን ረስተሽው እንዳይሆን፤ ሴቶቹ ዛሬ አንዷ ጓሮ ነገ ሌላዋ ጓሮ ተሰብስበን እንሰት የምንፍቅበት ነው። እያንዳንዷ ቢላዋን ይዛ ትመጣለች፣ የአንዷ ሲደንዝ የሌላዋን ትወስዳለች፤ ቢላ መከልከል ነውር ነው። እኔ እንዳልሽው አጥሩ በር ላይ እሳት አነደድኩና ሲገቡ «ቢላችሁን በዚህ ላይ አሳልፉት» አልኩ።

ሜሪ ቀድማ ደረሰችና ሳቀች። «የእኔ ቢላ ጴንጤ ናት፣ በውሃ እንጂ በእሳት አትጠመቅም» አለች። ሌሎቹም ሳቁ። በሳቁ መሐል ሠናይት መጣች። እሳቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ትርንጎ፣ ምን ነክተን መጣን?»

«በሽታ ነው፣ እንሰቱን የሚያጠወልገው። በቢላ ነው የሚተላለፍ። ፍሬ ናት የጻፈችልኝ።»

«ፍሬ?» አለች። «አንቺ ከባልሽ ጋር ካሴት ለመሸጥ በየከተማው ስትዞሪ እዚህ የቀረችው ልጅ እኔ ቤት ነበር የምትበላ። በእጄ ጎርሳለች። ያኔ እጄን በእሳት አሳለፈችው?»

ቢላዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ተመለሰች። ሴቶቹም አንድ በአንድ ተከተሏት፤ ሜሪ እንኳ ቀልዷን ትታ ሄደች።

አንቺ ልጅ ሆነሽ ስለወጣሽ ላታውቂ ትችያለሽ፣ እኔ ግን እያወቅሁ ነው የረሳሁት። የእነሠናይትን ወገን ሰው እንደ ርኩስ ቆጥሮ አብሮት አይበላም ነበር። እናቷ ሰው ቤት ሲሄዱ በራፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ የጠጡበት ዕቃ በእሳት ይታጠን ነበር። ሠናይት ትንሽ ልጅ ሆና አጠገባቸው ቆማ ያንን አይታለች። እኔ ቤት ገብታ እኔ ጋ ስትበላ ስትጠጣ የኖረችው ያ ቀርቷል ብላ አምና ነው። በሬ ላይ እሳት አንድጄ ጠበቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ዳዶው እኔን አይጠራም። ገበያ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታቸው አጭር ነው። ሠናይት ስታየኝ ፊቷን አታዞርም፤ እንደ አጥር እንጨት ነው የምታየኝ። ጓሮዋ ውስጥ ደግሞ የሚጠወልገው እየበዛ ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል። ሌሎቹ ጋ እየዞረች ትፍቃለች።

የእኔን የታመመውን ብቻዬን ነቅዬ ቀበርኩ። ግንዱን ስቆርጠው ቢጫው ወጣ።

ትርንጎ


ካምፓላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ትርንጎ፣

ላቦራቶሪ ውስጥ በየቀኑ ቢላዬን በእሳት አሳልፋለሁ። አንድም ቀን ሠናይት ትዝ ብላኝ አታውቅም። በእጇ መጉረሴ ግን ትዝ ይለኛል።

ስለ እሳቱ የጻፍኩት ትክክል ነው፤ እሱን አልመልሰውም። ለማን እንደምጽፈው ግን አላሰብኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ከዚህ ላይ ይቅርታ እንዳይጽፉልኝ።

በረኪናም ይሠራል። ቢላውን በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ነክሮ ማቆየት ነው። እሳቱን ይተዉትና በባልዲ ያድርጉት፣ ማንም አይከፋውም። ለሠናይት ይቅርታ የምጠይቅበት ደብዳቤ ለብቻው ጽፌያለሁ፣ ያንብቡላት።

ዘርትሁን ደግሞ በኢሜይል ጽፎልኛል። «አንድ ዘፈን፣ ከዚያ ስለ ጥናትሽ አምስት ደቂቃ» ይላል። ዘፈን የሌለበት አምስት ደቂቃ ስጠኝ ብዬ መለስኩለት። «ፕሮግራሙ እንዲያ አይመችም» አለኝ። እኔም እንዲያ አይመቸኝም።

ፍሬ


ቦንጋ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍሬ፣

ደብዳቤሽን ለሠናይት አላነበብኩላትም። አትቆጪ። በእሳት የተሰደበች ሴት ከካምፓላ በመጣ ወረቀት አትታረቅም። በረኪናውንም ተውኩት። ባልዲ ባስቀምጥ «ትርንጎ እሳቱን ፈርታ በውሃ አደረገችው» ነው የሚሉት፤ ነገሩ ያው ነው።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ አንድ ጠዋት ቢላዬንና መፋቂያዬን ይዤ ወደ ሠናይት ቤት ሄድኩ። ምድጃው ዳር ተቀምጣ ነበር። እኔ በራፉ ላይ ቆምኩ።

«ምን ፈለግሽ?» አለችኝ።

«ቢላዬን በእሳትሽ አሳልፊልኝ።»

«ምን ነክተሽ ነው?»

«የታመመ እንሰት ቆርጫለሁ። ከዚያ በፊትም ሳላውቅ ቆርጬ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ቢላዬን ወስደሽ የፈቅሽበት ጊዜ ነበር፤ ጓሮሽን የነካሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። እንዳልደግመው ነው የመጣሁት።»

ቀና ሳትል እሳቱን ቆሰቆሰች። በራፉ ላይ መቆም እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰው ከቤት ውስጥ ሆኖ ግቢ እስኪልሽ ድረስ እጅሽን የምታስቀምጪበት አታገኚም።

«እዚያ የቆምሽው እናቴን ልትሆኚብኝ ነው?» አለች።

«አይደለም። አልጠራሽኝም ብዬ ነው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስትገቢ ማን ጠርቶሽ ያውቃል? ግቢ።»

ገባሁ። ቢላውን ከእጄ ወስዳ ፍሙ ውስጥ ሰደደችው። እጀታው መጨስ ሲጀምር «ተቃጠለብሽ» አለችኝ። «ይቃጠል» አልኳት። ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች፤ አየኋት። ከዚያ ሳልላት የራሷንም አመጣችና ከእኔው አጠገብ ከተተችው። «ልጂቱ ይህን ነው ያለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይህን ነው» አልኳት። «ታዲያ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝስ» አለች።

በሚቀጥለው ዳዶ ሠናይት ራሷ ወግ አወጣች። የቤቱ ባለቤት ማንም ከመግባቱ በፊት የራሷን ቢላ ቀድማ እሳት ውስጥ ታስገባለች፣ እንግዶቹ ከዚያ ይከተላሉ። ባለቤቷ ቀድማ ከነካችው ማንም አይሰደብም። ሜሪ «ቢላዬ ተጠመቀች፣ አሁን ደግሞ ስም አውጡላት» አለች። የታመመውን መንቀል ላይ ግን ገና ናቸው። አንድ እንሰት ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ነቅለሽ ቅበሪ ማለት ቀላል አይደለም፤ ያንን ከእኔ አፍ አይቀበሉም። «እሷ ራሷ ትምጣና ታሳየን» ይላሉ።

ዘርትሁን ዳግመኛ መጥቶ ነበር። ፖስተር አሳትሟል። በዚያ በሚያብረቀርቀው ቀሚስ፣ ማይኩ እንዲደርስልሽ የለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ ቆመሽ የተነሳሽው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ፍሬ በመድረክ» ይላል።

«ሳትስማማ ለምን አሳተምክ?» አልኩት።

«እርስዎ ያስማሙልናል ብለን ነዋ፣ እትዬ። በልጅነቷስ ማን ነበር የሚያስማማት?»

«አትዘፍንም» አልኩት።

«ለምን?»

እውነቱ ምላሴ ላይ መጣ። ብነግረው ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቢወቅሰኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር። ከልክለሽኛልና ዋጥኩት።

«ስለማትፈልግ» አልኩት።

«ኮራች በሉኛ።»

«አዎ፣ ኮርታለች። ፖስተርህን ከቤቴ ግድግዳ ላይ ካየሁት እቀደዋለሁ።»

እንዲህ አነጋግሬው አላውቅም። እሱም አላመነም፤ ደጅ ወጥቶ ከባጃጁ ውስጥ ዞሮ አየኝ።

ትርንጎ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ትርንጎ፣

ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። የሠናይት ሕግ እዚህም ሊሞከር ነው። የማን እንደሆነ ጽፌያለሁ፤ ስሟ በትክክል እንዲጻፍ አድርጌያለሁ።

እመጣለሁ። በበዓሉ ዋዜማ እደርሳለሁ፣ በነጋታው እመለሳለሁ። መድረኩ ላይ አልወጣም፣ ዘፈንም የለም፣ ንግግርም የለም፤ ለዘርትሁን ነግሬዋለሁ። ሠናይት ከፈቀደችልኝ ጓሮዋ ውስጥ እሆናለሁ። የሚመጣ ይምጣ።

ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፦ አዎ፣ እፈራለሁ። አዳራሽ ውስጥ ማይክ አለ፤ ማይክ ባለበት ሻካራ ድምፅም ይሰማል። በእንሰት ጓሮ ውስጥ ግን ድምፄ ከፊቴ ከቆመው ሰው ኋላ አይደርስም። እናቶች ልጅ አዝለው ይመጣሉ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮኻል። ደግሞ እነዚያ ሰዎች ጆሮ ውስጥ ያለው የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ድምፅ ነው። አፌን ስከፍት የሚሰሙት እሷን ስትጠፋ ነው። ይህን እፈራለሁ፤ እፈራለሁ ብዬ ግን አልቀርም።

የድምፄን ነገር አስቀድመው ለማንም አይንገሩ። ለሠናይትም ቢሆን። ማንም ሰው እያዘነልኝ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም። ራሳቸው ይስሙት፤ ሰምተው የሚሄድ ይሂድ።

ፍሬ


ቦንጋ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬ፣

በሰላም መግባትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «ከሄድኩ በኋላ ምን አሉ? ሳይደብቁ ይጻፉልኝ» ብለሻል። ሳልደብቅ ልጻፍ።

መጀመሪያ ያሉትን አንቺ ራስሽ አልሰማሽውም፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። አፍሽን ስትከፍቺ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሜሪ ወደ ሠናይት ጠጋ ብላ «ምነው፣ ጉንፋን ይዟት ነው?» አለቻት። ሠናይት አንቺን ትኩር ብላ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። የገባት ያን ጊዜ ነው። ለሜሪ ያለቻት ግን «ጉንፋን አይደለም፣ ድምፅዋ ነው። ዝም ብለሽ ስሚ» ብቻ ነው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ተነስታ አጠገብሽ ቆመች። አንቺ ዝቅ አድርገሽ ያልሽውን እሷ በካፊኛ ጮክ አድርጋ ደገመችው። እኔ እስከማውቃት ድረስ ሠናይት ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ዝም ያሰኛት የለም፤ ትናንት በዳዶው «ባክቴሪያ» እያለች ሜሪን ስትገስጻት ነበር።

ዘርትሁንም መጥቶ ነበር። አላየሽውም፤ በአጥሩ ማዶ ነበር። መኪና ይዞ ሊለምንሽ ነው የመጣው፤ ምናልባት ሰው ሁሉ ሲጠራሽ ልብሽ ይራራል ብሎ። ድምፅሽን ሰምቶ ቆመ። ሳገኘው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። «ከደካ ጀምሮ» አልኩት። ምስጢሬን አወጣች አትበይ፤ ጆሮው ሰምቷል፣ የቀረው ቀን መጥራት ብቻ ነበር። እሱም በዚያ ቀን ከኋላሽ ከበሮ ሲመታ ነበርና ሌላ አልጠየቀኝም። ቁጭ አለ፣ ኮቱ ጭቃ ነካ።

በማግስቱ በበዓሉ ላይ ‹ጎጀብ ሞላ›ን በካሴት አጫወቱት። ለምን እንዳላስቀረው ጠይቄው ነበር፤ «ፕሮግራሙ ታትሟል» አለኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ «የታለች? አልመጣችም እንዴ?» የሚል በዛ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ «ድሮም ንቀትዋ ነው፤ ፈረንጅ አገር ገብታ ረሳችን» አሉ። ሰው መሐል ተነስቼ ተናግሬ አላውቅም። ተነሳሁ። «መጥታለች። ሠናይት ጓሮ ነበረች፣ የሚፈልጋት ሁሉ እዚያ አግኝቷታል። ሥራዋን ሠርታ ሄደች» አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፣ አንድ ሁለቱ ሳቁ። አልተቀመጥኩም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆምኩ።

አሁን ስለ እንሰቱ። ሠናይት አንቺ በሄድሽ ሳምንት የታመሙትን ሁሉ ነቀለች። ጉድጓዱን ሁላችን ተባብረን ቆፈርን፤ ስንሸፍነው ግን ማንም አልቀለደም። ጓሮዋ ግማሹ ባዶ ነው። ከየቤታችን ችግኝ ሊሰጣት የፈለገ ሁሉ ነበር፤ አልቀበልም አለች። «መጀመሪያ መሬቱ ይረፍ፣ ፍሬ ብላለች» አለች። ሜሪ ከባሏ ጋር ተጣልታ የእሷን ነቅላለች። የላይኛው ሰፈር ሰዎች አልነቀሉም፤ «የቀበሌ ነገር ነው፣ ያልፋል» ይላሉ። ሠናይትና እኔ ሰኞ ወደዚያ ልንወጣ ነው። ሊያባርሩን ይችላሉ። እንሄዳለን።

የመጨረሻው ጥያቄሽ «እርስዎ ምን ሰሙ?» የሚል ነው። እኔ ብዙም አልሰማሁም፤ ሳይ ነው የቆየሁት።

ልጅ ሳለሽ ሙዚቃው ተጀምሮ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ሁልጊዜ ዓይንሽን ወደ መጋረጃው ጥግ ትልኪው ነበር። እኔ እዚያ እቆማለሁ። ራሴን ነቅነቅ ሳደርግልሽ ትጀምሪያለሽ። አንድም ቀን ሳታይኝ ጀምረሽ አታውቂም፤ ደካ ላይም በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆነሽ አይተሽኛል፣ እኔም ነቅነቅ አድርጌልሻለሁ።

ሠናይት ጓሮ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ሁሉም ዝም ሲል፣ ከሰዎቹ ኋላ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ሳላስበው አንገቴ ተዘጋጅቶ ጠበቀሽ። አንቺ ዙሪያውን ሁሉ አየሽ፤ ተክሉን፣ ሴቶቹን፣ ሠናይትን። ወደ እኔ አላየሽም። ጎንበስ ብለሽ ግንዱን ቆረጥሽና መናገር ጀመርሽ።

ትርንጎ